ከኋላ የታየች ሙሽራ

«እንደ ተፈጠረች፣ ራቁቷን ነው የምትቆምለት!» የሚል ድምፅ ከጓዳው ሲወጣ ዜሊ የሱቁን የኋላ በር ገፋ አድርጋ አንድ እግሯን አስገብታ ነበር። ሌላው እግሯ ዝናብ ላይ ቀረ። ድምፁ የማዳም ግሮዳን ነው። ማዳም ግሮዳን በእኛ ሰፈር በፓሪሱ ባቲኞል ቅቤና እንቁላል ይሸጣሉ፤ እንቁላሉን አንድ በአንድ ወደ ሻማ እያነሡ ውስጡን እንደሚያዩት፣ የሰፈሩንም ሰው አንድ በአንድ እያነሡ ያዩታል። የተበላሸ ሳያገኙ የዋሉበት ቀን የለም። «ሰኞ ሰኞ ወደዚያ ሰዓሊ ቤት ስትገባ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ስትወጣ ደግሞ፣ ማዳም ባዱሬል፣ ፀጉሯ ላይ ጭድ ነበር። ጭድ! እሰማይ ጥግ ካለ ፎቅ ላይ ጭድ ከየት ይመጣል? በረት አለ? እኔ እንግዲህ ምንም አላልኩም። ፀጉሯ ላይ ጭድ ነበር ብቻ ነው ያልኩት።»

ማዳም ባዱሬል አልመለሱም። ዜሊን ያስደነገጣት ይሄ ነው፤ ማዳም ባዱሬል ሲቆጡ ሰው ይስቃል፣ ዝም ሲሉ ግን ድመቷ እንኳ ከምድጃው ሥር ተነሥታ ትወጣለች። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ያችን የክርና የቁልፍ ሱቅ ብቻቸውን ያቆሙ ሴት ናቸው። ጀርባቸው ጨርቅ እንደሚለኩበት እንጨት ቀጥ ያለ ነው፣ ጥቁር ቀሚሳቸው ላይ ብናኝ አይገኝም። «ተወልጄ ያደግሁት ፓሪስ እምብርቷ ላይ ነው» ማለት ይወዳሉ፤ ካሮት እንኳ አፈሩ ሳይታጠብ ከመጣ «ይሄ የገጠር ነገር» ብለው ይመልሱታል። አንድ ልጃቸው ኦክታቭ በዚያ ሰዓት በሱቁ የፊት ክፍል ቆሞ ጥብጣብ ይለካል። ገዢ የለም። ያንኑ ጥብጣብ ነው ደጋግሞ የሚለካው። ኦክታቭ ረጅም፣ አንገተ መቃ፣ ልበ ንጹሕ ሰው ነው። እጮኛው ዜሊ ለሰዓሊ ሞዴል ሆና እንደምትቆም ከነገረችው ቆይቷል፤ እሱም «ምቹ ጊዜ ጠብቄ ለእማዬ እነግራታለሁ» ብሎ ነበር። ለኦክታቭ ምቹ ጊዜ ክርስትና ከተነሣ ጀምሮ መጥቶ አያውቅም።

ዜሊ የቀረውን እግሯን ከዝናቡ አውጥታ ገባች፤ በጨርቅ የተጠቀለሉትን የኦክታቭን ኮሌታዎች ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ልብስ ተኳሽ ናት። ቀኑን ሙሉ ከጋለ ካውያ ጋር የሚውል ሰው ነገር ሲግል ቶሎ ያውቃል።

«ማዳም፣ ለብሼ ነው የምቆመው» አለች። «ቀሚስ በቀሚስ ላይ ደርቤ፣ ሻሽ አስሬ፣ የእንጨት ጫማ አድርጌ። ሰኞ ሰኞ ልብሱ ሁሉ ገና ገንዳ ውስጥ ነው፤ የሚተኮስ የለም። እጄን አጣጥፌ ከምቀመጥ ክፍያው ለአልጋ ልብሳችን ይሆናል ብዬ ነው።»

«ለብሶ ለመቆም ደግሞ ማን ይከፍላል?» አሉ ማዳም ግሮዳን። «እኔ ዕድሜዬን ሁሉ ለብሼ ቆሜያለሁ፤ አምስት ሳንቲም የሰጠኝ የለም።»

ማዳም ባዱሬል ያን ጊዜ ተናገሩ፤ ለዜሊ ሳይሆን ለግድግዳው። «ኦክታቭ፣ ነገ ቄሱ ጋ እንዳትሄድ። ጋብቻው አይታወጅም።»

የጥብጣቡ ድምፅ ቆመ። ዜሊ እጮኛዋ አንድ ነገር እንዲል ጠበቀች። ከፊት ለፊት የመጣው ጉሮሮ መጥረግ ብቻ ነው። ሁለተኛም ጠረገ። ያን ጊዜ ደሟ ወደ ፊቷ ወጣና «እንግዲያው ባርኔጣዎን ያድርጉና ይነሡ፣ ማዳም» አለች። «ሄደው በዓይንዎ ይዩ። ራቁቴን ከሆንኩ እዚያው ደረጃው ላይ ተለያይተን እንቀራለን። ለብሼ ከሆነ ግን…» ለብሳ ከሆነ ምን እንደሚሆን አስቀድማ ስላላሰበችበት እዚያ ላይ አቆመች። ማዳም ባዱሬል ግን ተነሥተው ባለ ጥቁር ላባውን የክት ባርኔጣቸውን ከሳጥኑ ያወጡ ጀመር። ማዳም ግሮዳን ማንም ሳይለምናቸው «ሱቁን እኔ እጠብቃለሁ፣ እስከ ማታም ቢሆን» ብለው ወንበሩ ላይ ተደላደሉ።

መንገዱን የሄዱት በሰልፍ ነው። ማዳም ባዱሬል በጃንጥላ ከፊት፣ ዜሊ ያለ ጃንጥላ ከኋላቸው፣ ኦክታቭ ደግሞ በሁለቱ መካከል ወዲያና ወዲህ። ከእናቱ ጃንጥላ ሥር ይገባና ዜሊን ያስታውሳል፤ ወደ ዜሊ ይመለስና እናቱን ያስታውሳል፤ እንዲህ ሲመላለስ ከሁለቱም ይበልጥ እሱ በሰበሰ። የየካቲት ዝናብ ነው፣ በጎንም በላይም የሚገባ። የከሰል ጋሪ አልፎ የማዳም ባዱሬልን ቀሚስ ጫፍ ጭቃ ሲረጨው እንኳ ቃል አልወጣቸውም። ዜሊ ከፊቷ ያለውን ቀጥ ያለ ጀርባ እያየች፣ ይህች ሴት አማቴ ከሆነች ሃያ ዓመት ይህን ጀርባ ሳይ ልኖር ነው፣ ካልሆነች ደግሞ ዛሬ የመጨረሻዬ ነው ብላ አሰበች። የቱ እንደሚሻል ለጊዜው መለየት አቃታት።

የሰዓሊው ፎንታል ቤት በር ጠባቂ መጥረጊያዋን እንደ ጦር ይዛ ደረጃው ሥር ቆማ ነበር። «እግራችሁን ጥረጉ!» ብላ ጮኸች፣ ዜሊን ስታይ ደግሞ ባሰባት። «ያ ሰውዬሽን ንገሪው፣ ይሄ የተከበሩ ሰዎች ቤት ነው እንጂ የእህል ጎተራ አይደለም! ጠዋት የዳኛውን ባርኔጣ ጭድ አልብሶታል!» እውነትም በየደረጃው ጭድ ተንጠባጥቧል። ማዳም ባዱሬል እያንዳንዷን የጭድ ስንጥር እንደ ማስረጃ እያዩ ወጡ። እየወጡ ሲሄዱ ደረጃው ጠበበ፣ ግድግዳው ቀለሙን ጣለ፣ የሽንኩርትና የእርጥብ ጫማ ሽታ መጣ፣ ትንፋሻቸውም ከባርኔጣቸው ላባ ጋር መርገብገብ ጀመረ። ኦክታቭ ክንዱን ቢሰጣቸው በጃንጥላው ጫፍ ገፉት።

በሩን የከፈተው ሰው አፍንጫው ላይ መሐረብ ይዞ፣ ዓይኑ እንደ ጥንቸል ቀልቶ ነበር። ፎንታል የሐር ነጋዴ ልጅ ነው፤ አባቱን ትቶ የገበሬን ሕይወት ሊስል የማለ ደግ ሰው፤ ነገር ግን አዝመራ ሲሸተው ያስነጥሰዋል። ባለፈው ነሐሴ ቢጤዎቹ ሰዓሊዎች እንደሚያደርጉት ጃንጥላና ቀለም ተሸክሞ ወደ ማሳ ወርዶ ነበር። ዓይኑ አብጦ መንገድ ስለጠፋው አጫጆቹ ማጭዳቸውን ጥለው እጁን ይዘው ባቡር ጣቢያ አደረሱት። ስለዚህ ወደ ማሳው መሄድ ሲያቅተው ማሳውን ቁራጭ በቁራጭ ወደ ቤቱ አስመጣ። የክፍሉ ግማሽ ሳይወቃ ከጎተራ የመጣ የስንዴ ነዶ ነው። ወለሉ ላይ ሰም በተቀባ ጨርቅ ላይ እውነተኛ አፈር ተነጥፏል፤ መንሽና ማጭድ ግድግዳ ተደግፈዋል። ከዚህ ሁሉ ጀርባ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተዘረጋ ሸራ አለ፤ በሸራው ላይ ነሐሴ ነው። ወርቅማ ማሳ እስከ ሰማይ ጠርዝ ተኝቷል፤ በሩቅ ጋሪዎች ይጫናሉ፤ ፊት ለፊት አጫጆች ጎንበስ ብለዋል፤ ሙቀቱ ከሸራው የሚወጣ ይመስላል። መስኮቱ ላይ ግን የየካቲት ዝናብ ይንዠቀዠቃል፣ ምድጃው ውስጥም ሁለት ፍም ብቻ ነው ያለው።

ፎንታል ባለ ላባውን ባርኔጣ ሲያይ ገዢ የመጣለት መሰለው። ፊቱ በራ፣ መሐረቡን ኪሱ ከተተ። «ይግቡ ማዳም፣ ይግቡ! ብርሃኑ ከዚህ በኩል ነው የሚያምር። ይመልከቱልኝ፤ እነዚህ ሰዎች፣ ማዳም፣ የምድር ጨው ናቸው! የግንባራቸው ላብ…»

«የታለች?» አሉ ማዳም ባዱሬል።

«ማን?»

«እሷ።» ወደ ኋላ ሳይዞሩ በአውራ ጣታቸው ዜሊን አመለከቱ።

ዜሊ ወደ ሸራው ቀረበችና ከፊት ካሉት አጫጆች መካከል አንዷን ነካች። «ይቺ ነኝ።» ማዳም ባዱሬል መነጽራቸውን አድርገው አዩ። ሰማያዊ ቀሚስ አዩ። ቀሚሱ ሞልቶ፣ ተወጥሮ፣ እንደ ጉልላት ወደ ሰማይ ተነሥቷል። ከጉልላቱ ወዲያ ጥቂት ጀርባ፣ ከጀርባው ወዲያ የሻሽ ጫፍ፣ ከዚያ በኋላ ስንዴ ነው። ፊት የሚባል ነገር የለም። መነጽሩን ጠርገው እንደገና አዩ።

«ይሄ» አሉ በመጨረሻ፣ «መቀመጫ ነው።»

«ነዶ እየሰበሰበች እኮ ነው፣ ማዳም» አለ ፎንታል።

«ነዶውን አላየሁም። ያየሁት መቀመጫ ነው። የማን መቀመጫ እንደሆነ በምን አውቃለሁ? የራሷን ራቁት ሥዕል ደብቃችሁ የሌላ ሰው መቀመጫ ብታሳዩኝስ?»

ሥዕሉ ማስረጃ መሆን አቃተው። ዜሊ ለብሳ መሆኗን ሊያሳይ የመጣው ነገር እሷ መሆኗን ማሳየት አልቻለም። ሁሉም ሰማያዊውን ቀሚስ አዩ። በዚህ መካከል ነበር ኦክታቭ፣ ከጠዋት ጀምሮ እጮኛውን የሚያድንበትን አንድ ቃል ሲፈልግ የቆየው ኦክታቭ፣ ቃሉን ያገኘው። «እማዬ፣ እሷ ናት!» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «እኔ እንዳየሁ ወዲያው ነው ያወቅኋት!»

ማዳም ባዱሬል ቀስ ብለው ወደ ልጃቸው ዞሩ። «በምን አወቅካት?»

የኦክታቭ አንገት ከኮሌታው ጀምሮ ቀላ፤ ቀይነቱ እያዘገመ ወደ ጆሮው ወጣ። «በ… በአኳኋኗ» አለ። ዜሊ በእጇ ፊቷን ሸፈነች። ፎንታል አስነጠሰ፤ ለሰውዬው አዝኖ ሆን ብሎ ያስነጠሰ ይመስላል።

እንግዲህ አንድ መንገድ ብቻ ቀረ። ዜሊ ወደ መጋረጃው ጀርባ ገብታ ሰማያዊውን ቀሚስ በላይ በላዩ ደርባ፣ ሻሹን አስራ፣ የእንጨት ጫማውን አንኳኩታ ወጣች፤ አፈሩ ላይ ቆማ ጎንበስ አለች። ፎንታል እንደ ልማዱ ላብ እንዲመስል ማጅራቷ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ረጨላት፤ እሷም እንደ ልማዷ ጥርሷን ነክሳ ተንቀጠቀጠች። ማዳም ባዱሬል መነጽራቸውን ይዘው አንድ ጊዜ ሸራውን፣ አንድ ጊዜ ልጅቱን እያዩ ዞሯት፤ የሱፍ ጨርቅ ሲገዙ ቀለሙን ከናሙናው ጋር እንደሚያመሳክሩት። «ትመስላለች» አሉ። ዜሊ ጎንበስ እንዳለች በእፎይታ ዓይኗን ጨፈነች።

«ራቁትሽን ብትሆኚ ይሻል ነበር።»

ዜሊ ቀና ልትል ስትሞክር ወገቧ ተያዘ። «ምን አሉ ማዳም?»

«ራቁትሽን ብትሆኚ ይሻል ነበር ነው የምልሽ!» ከጠዋት ጀምሮ በማዳም ባዱሬል ውስጥ ታፍኖ የቆየው ሁሉ አንድ ላይ ወጣ። «የጨርቅ መጋዘኑ ባለቤት ሳሎን ውስጥ የራቁቷን ሴት ሥዕል ተሰቅሏል፤ ቄሱ ራሳቸው ከሥሯ ተቀምጠው ወይን ይጠጣሉ። የጥንት የውበት አምላክ ቬነስ ናት ተብሎ ማንም አላፈረም። ቬነስ ብትሆኚ ለሰው እነግራለሁ! ይሄን ምን ብዬ ነው የምነግረው? የልጄ ሚስት ቃርሚያ ለቃሚ ናት? ገበሬ ናት? እግሯ አፈር ውስጥ፣ ቂጧ ሰማይ ላይ? አንቺ የከተማ ልጅ! ፓሪስ ተወልደሽ፣ አስፋልት ላይ አድገሽ፣ ማን አስገድዶሽ ነው የምትጎነበሺ? እነዚያ የሚጎነበሱት ሌላ ምርጫ የላቸውም! አንቺ ሊከፈልሽ…» ቃሉን አልጨረሱትም።

ከነዶው ውስጥ አንዲት አይጥ ወጣች። ስንዴው ከጎተራ ሲመጣ ብቻውን አልመጣም፤ በሥዕሉ መሐል ቀጥ ብላ ለምትቆም ገበሬ ሞዴል እንድትሆን የተቀጠረችው ሴት ከጠዋቱ አይጥ ቀሚሷ ውስጥ ገብታባት እያለቀሰች የሄደች በዚሁ ምክንያት ነው። ዜሊ ጮኸች፤ የእንጨት ጫማዋን ጥላ አግዳሚ ወንበር ላይ ወጣች። ኦክታቭ ሌላ ወንበር ላይ ወጣ። ፎንታል ሁለት እጁን ዘርግቶ ሸራውን አቀፈ። ማዳም ባዱሬል ግን አንድ እርምጃ ብቻ ሄዱ፤ ዝቅ ብለው አይጧን በጅራቷ አነሡ፤ መስኮቱን በክርናቸው ከፍተው እንደ ብጣሽ ክር ወደ ውጭ ወረወሯት። ዝቅ ሲሉ ባርኔጣቸው ወደቀ፣ ፀጉራቸው ከመርፌው ወጥቶ ትከሻቸው ላይ ፈሰሰ። አንድ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፣ በሌላው ዝናቡን ከግንባራቸው ከልለው፣ አይጧ ከየትኛው ጣራ ላይ እንዳረፈች ሊያዩ ቀጥ ብለው በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ ቆሙ።

ከወንበሩ ላይ ኦክታቭ በቀስታ «እማዬ» አለ። «ፓሪስ እምብርቷ ላይ አይጥ እንዲህ ነው የሚያዝ?»

«ከወንበሩ ውረድ።»

«አይንቀሳቀሱ!» ብሎ የጮኸው ፎንታል ነው። ከሸራው ተላቆ የመሳያ ከሰሉን ይዟል፤ ማስነጠሱም ጠፍቷል። «ማዳም በእግዚአብሔር! እንደዚያው ይቁሙ! ክርንዎን እንዳያወርዱ! የጠፋችኝ ሴት እርስዎ ነዎት!» የሚገርመው ማዳም ባዱሬል አልተንቀሳቀሱም። ቁጣቸው እንዳለ ነው፤ አፋቸውም አላቆመም፤ ሰውነታቸው ግን «ቁሚ» ሲባል ቆመ። የሸራው መሐል ላይ አንድ ነጭ ባዶ ቦታ አለ፤ ከጎነበሱት መካከል ለአፍታ ቀና ብላ ከሩቅ የሚመጣ ጋሪ ለምትመለከት ሴት የተተወ ነው። ፎንታል በዚያ ቦታ ላይ ከሰሉን እያሯሯጠ መሳል ጀመረ። ማዳም ባዱሬል ከመስኮቱ ሳይዞሩ ይደራደራሉ። ባርኔጣዬን አምጡ አሉ፤ በመኸር ባርኔጣ አይደረግም ተባሉ። እንግዲያው የእርሻው ባለቤት ልሁን አሉ፤ ፎንታል «አዎ፣ አዎ» አለ፣ ልቡ ግን እዚያ አልነበረም። የእንጨት ጫማ አላደርግም አሉ፤ ፎንታል እግርዎ ነዶ ውስጥ ይደበቃል አለ። ዜሊም ብርሃኑ ሳይሄድ ወደ ቦታዋ ተመልሳ ከእግራቸው ሥር ጎንበስ አለች። ኦክታቭ ፍሙን እንዲያራግብ ታዘዘ፤ ደስ ብሎት ተንበረከከ።

ከሰሉ ሸራው ላይ መጫሩን ቀጠለ። ዜሊ ጎንበስ ካለችበት የሚታያት ጭቃ የነካው የጥቁር ቀሚስ ጠርዝና ሁለት የተወለወሉ ጥቁር ጫማዎች ናቸው። ወገቧ ይቆረጥማታል። የማዳም ባዱሬል ድምፅ ከላይ ሲመጣ ለእሷ መሆኑን ለማወቅ ጊዜ ወሰደባት፤ ቀስ ያለ፣ በሱቁ ውስጥ ተሰምቶ የማያውቅ ድምፅ ነበር።

«ቦስ የሚባል ገጠር ነው አገሬ። ስንዴ ብቻ ነው፣ ዛፍ እንኳ የለውም። የእናቴን ፊት የማየው በብርድ ወራት ነበር። በመኸር ጀርባዋን ነው የማውቀው። ማለዳ ስትወጣ ጨለማ ነው፣ ስትገባ ጨለማ ነው፤ ቀን ማሳ ላይ ውኃ ይዤላት ስሄድ ከሩቅ ጀርባዎች ብቻ ተደርድረው አያለሁ። አንዳንዴ እሳሳትና የሌላ ሴት ጀርባ ጋ ሄጄ እማዬ እላለሁ።»

ዜሊ ጫማዎቹን ማየት ቀጠለች። ከምድጃው በኩል የኦክታቭ ማራገብ ቆሟል፤ አፉን ከፍቶ እናቱን ያያል። እናቱ ወደ መስኮቱ እንዳሉ ናቸው።

«ያኔ» አሉ ማዳም ባዱሬል፣ «አንድ ቀን ዕቃዬን በሻሽ ቋጥሬ ስሄድ ለራሴ ማልኩ። ከእንግዲህ ለማንም አልጎነበስም ብዬ። ኦክታቭ፣ እሳቱ ሊጠፋ ነው።»

ብርሃኑ መስኮቱን ለቅቆ ሲሄድ ፎንታል ከሰሉን ጣለ፤ እንደ ቀልድም ወዲያው ማስነጠሱ ተመለሰበት። ማዳም ባዱሬል ክርናቸውን ሊያወርዱ ቢሉ እምቢ አላቸው፤ ኦክታቭና ዜሊ በሁለት በኩል ይዘው እንደ ደረቀ ቅርንጫፍ ቀስ አድርገው አወረዱላቸው። ከዚያ ሸራው ፊት ቆሙ። የእርሻ ባለቤት አልነበረችም። በጎነበሱት መካከል አንዲት ደልደል ያለች ሴት፣ እጅጌዋ ተጠቅልሎ፣ ፀጉሯ ከሻሿ አምልጦ፣ ማጭዷ ከእጇ ተንጠልጥሎ፣ ቀና ብላ ቆማለች። ገና የከሰል መስመር ናት፤ ፊቷ ግን ማንንም የሚያሳስት አይደለም። ፎንታል መሐረቡን አፍንጫው ላይ ይዞ የሚወርድበትን ቁጣ ጠበቀ።

«አፍንጫዬ ይሄን ያህላል?» አሉ ማዳም ባዱሬል። እጃቸውን ዘረጉና፣ ሸራውን ሳይነኩ፣ በአየር ላይ የሴቲቱን ጀርባ ከላይ እስከ ታች በጣታቸው ተከተሉት። «እኛ እንዲህ ቀና ካልን አለቃው ከጋሪው ላይ ሆኖ ይጮህ ነበር» አሉ። «እዚህ ማንም አይጮህባትም?»

«ማንም አይጮህባትም፣ ማዳም» አለ ፎንታል።

«ጥሩ።» ባርኔጣቸውን አንሥተው ላባውን አራገፉ። ፎንታል ሥዕሉ ለዓመቱ ትርኢት የሚገባበት ቀን እንደደረሰ፣ ለቀለሙ ደግሞ ነገም ከሥራ በፊት ሁለቱም ቢመጡለት ዕድሜ ልኩን እንደማይረሳው ተናገረ። ለዜሊ ክፍያዋን ሰጥቶ ለእሳቸውም እጁን ሲዘረጋ «ምንም አልሸጥኩልህም» ብለው ወደ በሩ ሄዱ። መምጣት አለመምጣታቸውን ግን አልተናገሩም።

በመመለሻው ጃንጥላው ሥር ሁለቱ ሴቶች ነበሩ፤ ማን ማንን እንዳስጠጋ አላስተዋሉትም። ኦክታቭ ከኋላ በዝናቡ ብቻውን ይመጣል፣ ሲያስበው ይስቃል፣ ሲስቅ ውኃ አፉ ይገባል። ማዳም ግሮዳን ወንበሩ ላይ እንደተደላደሉ ነበሩ። በሩ ሲከፈት ተነሡ፤ የማዳም ባዱሬልን የተፈታ ፀጉር፣ የዜሊን እርጥብ ማጅራት፣ የኦክታቭን ሳቅ አዩ፣ ከሦስቱም አንድ ነገር ማውጣት አቃታቸው።

«እህሳ? ለብሳ ናት?»

ዜሊ መልሱን ራሷ ልትሰጥ ስትል ማዳም ባዱሬል ቀደሟት። «ራቁቷን ናት» አሉ፣ ባርኔጣቸውን በዝግታ እያወለቁ። «ቬነስ ናት። ትልልቅ ሰዎች ሳሎናቸው የሚሰቅሉት ዓይነት። ሲያዩዋት ዓይን ትሞላለች።»

የማዳም ግሮዳን አፍ ተከፍቶ ቀረ። ነውሩ እጃቸው ላይ ነበር፤ አሁን ባለቤቱ ራሱ በኩራት ሲያወጣው ዋጋ አጣ። «ጭዱስ?» አሉ፣ የመጨረሻዋን እንቁላል ወደ ሻማው እንደሚያነሣ ሰው።

ማዳም ባዱሬል አንድ አፍታ አሰቡ። «ደመናው ነው። ቬነስ የምትተኛበት። ከሩቅ ሲያዩት ደመና ይመስላል።»

ማዳም ግሮዳን ደህና እደሩ ሳይሉ መንገዱን ተሻግረው ወደ እንቁላላቸው ሄዱ። በሩ እንደተዘጋ ዜሊ ፈነዳች። «ማዳም! ለብሼ መሆኔን ሊያዩ አይደል የሄድነው? ነገ ሰፈሩ ሁሉ ራቁቴን ያስበኛል!»

«ሰፈሩ ድሮም አስቦሻል። እኔ ከነውር ወደ ቬነስ አነሣሁሽ።»

«እርስዎ እንዳይታወቁ ብለው ነው! ማሳ ላይ ሆነው እንዳይታዩ!»

ማዳም ባዱሬል አልካዱም። መርፌዎቹን አንድ በአንድ ፀጉራቸው ውስጥ መለሱ። ዜሊ ክንዷን አጣጥፋ ቆመች። «እሺ» አለች በመጨረሻ። «የእርስዎን ነገር እኔ አላወራም። ስሜ ግን የእኔ ነው፤ እንዲሁ በነጻ አይበላሽም። ጋብቻችን በዚህ እሑድ ይታወጅ። ደግሞ ሲያወሩም ቀጭን ቬነስ ብለው ያውሩልኝ።»

«ማዳም ግሮዳን ሄደው ሥዕሉን ቢያዩትስ?» አለ ኦክታቭ።

«ያንን ደረጃ በዚያ ሰውነት?» አሉ እናቱ፣ ክፉ ደስታ ፊታቸው ላይ ብልጭ ብሎ።

ኦክታቭ ጉሮሮውን ጠረገ። ዜሊ አየችው። ሁለተኛ ሊጠርግ ነበር፣ ተወው። «እኔ» አለ፣ «ነገ ቄሱ ጋ እሄዳለሁ። ምንም ብትይ እሄዳለሁ፣ እማዬ።»

«ማን ከለከለህ?» አሉ ማዳም ባዱሬል።

ሾርባው ተሞቀ፤ የጎመንና የባቄላ ነበር፣ ጥቂት የአሳማ ስብ የገባበት። ዳቦ ተቆረጠ። ዜሊ ልትሄድ ሻሿን ስታስተካክል ማዳም ባዱሬል ሳያይዋት ሦስተኛ ሳህን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። እሳቸው አልተቀመጡም፤ ባታቸው ተሳስሮ መቀመጥ ስላቃታቸው ምድጃውን ተደግፈው እንደቆሙ ነው የበሉት። ኦክታቭ አንድ ጊዜ ስለ ቦስ ሊጠይቅ አፉን ከፈተና የእናቱን ማንኪያ አይቶ መልሶ ዘጋው። ዜሊ ሳህኗን በዳቦ ስትጠርግ ማዳም ባዱሬል ዓይናቸውን ከሾርባው ሳያነሡ ተናገሩ።

«ነገ በስንት ሰዓት ኑ ነው ያለን፣ ያ አስነጣሽ?»